የዲስክ ምስል ፋይልን ባዶ ዲቪዲ ሳያባክኑ መጠቀም

በጅማ ትልልቅ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ በፍላሽ ነው። ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዶርም ወደ ዋናው ግቢ፣ ከመርካቶ ኮምፒውተር ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ዊንዶውሱም፣ ነፃው የሊኑክስ ሥርዓት ኡቡንቱም፣ የሠርግ ቪዲዮውም የዲስክ ምስል በሚባል ፋይል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «አይኤስኦ» የሚል ቅጥያ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ ባዶ ዲቪዲ ሊገዛ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ላፕቶፑ የዲስክ ማስገቢያ ስለሌለው ፋይሉን የማይሠራ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ሁለቱም አያስፈልግም፤ ምንም ዲስክ ሳይጻፍ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ልክ እንደገባ ዲስክ እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። መክፈቱ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ጎዶሎ ፋይልን ከሙሉው መለየት ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

በመጀመሪያ የያዙት ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ

የዲስክ ምስል የአንድ ሲዲ ወይም ዲቪዲ ይዘት፣ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ክፍል ሳይቀር፣ እንዳለ በአንድ ፋይል የተቀዳበት ነው። «ማውንት» ሲደረግ ኮምፒውተሩ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ድራይቭ ይፈጥርና ፋይሉን እዚያ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ፕሮግራሞች እውነተኛ ዲስክ የገባ ይመስላቸዋል።

ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ቅጥያዎችን ደብቆ ስለሚያሳይ መጀመሪያ ይግለጧቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ከፍተው «ቪው» የሚለው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ላይ ምልክት ያድርጉ። በዊንዶውስ 11 «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው» ውስጥ ያገኙታል።

አይኤስኦ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። «ቢን» እና «ኪው» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አብረው ከመጡ ይዘቱ ያለው በቢኑ ውስጥ ነው፤ ኪው ደግሞ ትራኮቹ ከየት እንደሚጀምሩ የሚናገር ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። የሚከፈተው ኪው ነው እንጂ ቢኑ አይደለም። የቢኑን ስም ከቀየሩት ኪው አያገኘውም። እንዲህ ሲያጋጥም ኪውን በኖትፓድ ከፍተው የመጀመሪያው መስመር ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ስም ከቢኑ አዲስ ስም ጋር አንድ ያድርጉት። «ኤምዲኤፍ» ከ«ኤምዲኤስ»፣ «አይኤምጂ» ደግሞ ከ«ሲሲዲ» ጋር እንዲሁ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። ከጓደኛ ሲቀዱ አንዱን ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ። «ኤንአርጂ» ኔሮ የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ነው። «ዲኤምጂ» የአፕል ኮምፒውተሮች ነው፤ ዊንዶውስ አይከፍተውም።

የዘፈን ሲዲ በአይኤስኦ አይቀዳም። አይኤስኦ የፋይሎችን ሥርዓት የሚይዝ ሲሆን የዘፈን ሲዲ ላይ ግን ፋይል የለም፣ ተከታታይ የድምፅ ትራክ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘፈን ሲዲ ምስል በቢንና ኪው መልክ ይመጣል።

ከመክፈትዎ በፊት ፋይሉን ይመርምሩ

«ፋይሉ አልከፈት አለኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ጋር ያለው ችግር ኮምፒውተሩ አይደለም። ማውረዱ ተቋርጧል፣ ኮፒ ሲደረግ መብራት ሄዷል፣ ወይም ፍላሹ ሳይጨርስ ተነቅሏል። ይህን በሦስት መንገድ ማወቅ ይቻላል።

የመጀመሪያው ካልኩሌተር ብቻ ይፈልጋል። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይግቡ። «ሳይዝ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በቅንፍ ውስጥ፣ የባይቱ ቁጥር በሙሉ ተጽፏል። የዳታ ዲስክ የሚጻፈው በ2,048 ባይት ክፍሎች ስለሆነ ጤነኛ አይኤስኦ ለ2,048 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ነጥብ ያለው ውጤት ከመጣ ፋይሉ መሃል ላይ ተቆርጧል ብለው ይጠርጥሩ። ለ2,048 እምቢ ብሎ ለ2,352 በትክክል ከተካፈለ ግን የተቆረጠ ሳይሆን ቅጥያው የተቀየረ ቢን መሆኑ አይቀርም፤ በቢን ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ከነስህተት ማረሚያው 2,352 ባይት ነው። የ80 ደቂቃ ሲዲ 360,000 ክፍሎች አሉት። በአይኤስኦ 737,280,000 ባይት፣ በቢን ደግሞ 846,720,000 ባይት ይሆናል። «700 ሜጋባይት የሚይዝ ሲዲ እንዴት 800 ሜጋባይት ፋይል ወጣው?» ለሚል መልሱ ይኸው ነው። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን ቁጥር ግን አይጠቀሙ፤ እሱ ወደ ላይ የተጠጋጋ ስለሆነ ፋይሉ ጎዶሎም ቢሆን ይካፈላል።

ይህ ምርመራ ጎዶሎን ይጠቁማል እንጂ ሙሉ ነው ብሎ አያረጋግጥም። ለማረጋገጥ የፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውን መለያ ኮድ፣ ማውጣት ያስፈልጋል። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። ከዚያ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ»፣ «ኤስኤችኤ 256» ይበሉ፤ በዊንዶውስ 11 አስቀድመው «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» መጫን ሊኖርብዎ ይችላል። 64 ፊደላትና ቁጥሮች ይወጣሉ። እንደ ኡቡንቱ ያሉት አዘጋጆች ይህንኑ አሻራ ማውረጃ ገጻቸው ላይ ስለሚያወጡት ያስተያዩት። ፋይሉን ከጓደኛ ኮምፒውተር ከቀዱት ደግሞ እሱም በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲያወጣ ያድርጉና የሁለታችሁን አነጻጽሩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ሁለቱ ፋይሎች አንድ አይደሉም፣ እንደገና ይቅዱ። እንደ ኮምፒውተሩ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ዊንዶውስ ሲጭኑ ግማሽ መንገድ ላይ ከመቆም ግን ያድናል።

ሦስተኛው እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስን በቶረንት፣ ማለትም ፋይሉን ከሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር በሚያመጣው ዘዴ፣ ላወረዱ ሰዎች ነው። ቶረንት ፋይሉን ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ስለሚያረጋግጥ፣ የተበላሸውን ፋይል እንደገና ከዜሮ ማውረድ አያስፈልግም። ኪውቢት ቶረንት በሚባለው ማውረጃ ፕሮግራም «ፎርስ ሪቼክ» ሲሉት የተበላሹትን ቁራጮች ብቻ ለይቶ ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

በፍላሽና በቴሌግራም ሲያልፍ

ፍላሽዎ 32 ጊጋባይት ሆኖ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ 4.5 ጊጋባይት ፋይል «በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ከመለሰዎት ፍላሹ የተፎረመተው ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አያያዝ ሥርዓት ነው። ፋት 32 ከ4,294,967,295 ባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሙሉ ዲቪዲ ደግሞ ወደ 4.7 ቢሊዮን ባይት ስለሚይዝ አይገባም። መፍትሔው በላዩ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው፣ ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፎርማት»፣ «ኤክስፋት» መምረጥ ነው። ፍላሹን ለመኪና ቴፕ ወይም ለቆየ ቴሌቪዥን የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን አንዳንዶቹ ኤክስፋት ስለማያነቡ ለሥራ ሌላ ፍላሽ ቢለዩ ይሻላል።

በቴሌግራም በተራ አካውንት የሚላክ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። ለዚህ ነው ትልልቅ ምስሎች ተቆራርጠው መጨረሻቸው ላይ 001፣ 002፣ 003 እየተባሉ የሚመጡት። ሁሉንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ስማቸውን ሳይነኩ 001 ላይ ብቻ ራይት ክሊክ አድርገው በሰቨን ዚፕ «ኤክስትራክት ሂር» ይበሉ፤ የቀሩትን ራሱ ይፈልጋቸዋል። ቴሌግራም ተመሳሳይ ስም ሲያገኝ በቅንፍ ቁጥር ይጨምርበታልና፣ «አንዱ ቁራጭ ጠፍቷል» ካለ መጀመሪያ ስሞቹን ይዩ።

መክፈት

ከ2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ለአይኤስኦ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም አያስፈልግም።

1. ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ኮፒ ያድርጉ። በቀጥታ ከፍላሹ ቢከፍቱት ንባቡ ይዘገያል፤ ፍላሹ ከተነቀነቀ ደግሞ ጭነቱ መሃል ላይ ይቋረጣል።
2. ራይት ክሊክ አድርገው «ማውንት» ይበሉ።
3. «ዲስ ፒሲ» ውስጥ አዲስ የዲቪዲ ድራይቭ በአዲስ ፊደል ይታያል። ከፍተው «ሴትአፕ» የሚለውን ያስነሱ ወይም የሚፈልጉትን ፋይል ኮፒ ያድርጉ።
4. ሲጨርሱ ድራይቩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኢጀክት»። ዋናው ፋይል አይጠፋም፤ የሚወጣው ምናባዊው ዲስክ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ያ ድራይቭ አይኖርም። ሲከፈት ሁልጊዜ ዲስኩን የሚፈልግ የቆየ መዝገበ ቃላት ወይም የመማሪያ ሶፍትዌር ካለዎት በየጊዜው መልሰው ማውንት ማድረግ ይኖርብዎታል። አይኤስኦ ፋይሉን አያጥፉት፣ ቦታውንም አይቀይሩ።

ደብል ክሊክ ሲያደርጉ ዊንራር ወይም ሌላ መጭመቂያ ፕሮግራም ከከፈተው፣ ወይም «ማውንት» የሚለው ጨርሶ ካልታየ፣ ያ ፕሮግራም አይኤስኦን የራሱ አድርጎታል ማለት ነው። ራይት ክሊክ፣ «ኦፕን ዊዝ»፣ «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» ሲሉት ይመለሳል።

ዊንዶውስ 7 በራሱ አይኤስኦ አያነብም። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥር 2020 እ.ኤ.አ. ያቆመ ቢሆንም በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም አለ። ለእሱ ዊንሲዲኢሙ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንመክራለን፤ ቀላልና ማስታወቂያ የሌለው ነው፣ አይኤስኦን ብቻ ሳይሆን ኪው፣ ኤምዲኤስ፣ ሲሲዲና ኤንአርጂንም ይከፍታል። ሲጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ኃላፊውን ማስፈቀድ ግድ ነው። ከተጫነ በኋላ ምስሉን ደብል ክሊክ ሲያደርጉ የድራይቩን ፊደል ይጠይቅዎታል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያላቸውም ኪው ወይም ኤንአርጂ ሲያጋጥማቸው ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ኡቡንቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኦፕን ዊዝ»፣ «ዲስክ ኢሜጅ ማውንተር» በቂ ነው። ማክ ላይ ደብል ክሊክ።

ምንም መጫን በማይፈቀድበት ኮምፒውተር ላይ ሰቨን ዚፕ ካለ አይኤስኦውን እንደ ዚፕ ፋይል ወደ ፎልደር ማውጣት ይቻላል። ያኔ ፋይሉም የወጣውም አብረው ስለሚቀመጡ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ «ዲስኩን አስገባ» የሚሉ ሶፍትዌሮችም በዚህ መንገድ አይታለሉም።

ሁለትና ሦስት ዲስክ ያለው ሶፍትዌር «ዲስክ 2 ያስገቡ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁለተኛውን ጨምረው ማውንት ቢያደርጉት በሌላ ፊደል ስለሚከፈት አያገኘውም። አንደኛውን ኢጀክት ያድርጉና ከዚያ ሁለተኛውን ያስገቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ፊደል ይይዛል።

እምቢ ሲል

«ፋይሉ ኤንቲኤፍኤስ ላይ መሆኑንና በተጨመቀ ፎልደር ውስጥ አለመሆኑን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ከመጣ ፋይሉን ሲ ወይም ዲ ድራይቭ ላይ ያድርጉ፤ ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ ሃርድ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚፎረመቱበት ሥርዓት ነው። ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ ገብተው «ኮምፕረስ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሱ። በቶረንት የወረደ ከሆነ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርገው ኮፒውን መክፈት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። አወራረዱ በፋይሉ ላይ የተወው ልዩ ምልክት ኮፒው ላይ አይቀርምና።

«ፋይሉ ተበላሽቷል» ካለ ወደ ላይ ተመልሰው አሻራውን ይመርምሩ። የፋይል መጠገኛ ፕሮግራም ፍለጋ አይድከሙ፤ የጎደለው ይዘት ከየትም አይመጣም፣ እንደገና መቅዳት ነው።

ከፍተው ወደ ውስጡ ሌላ ፋይል መጨመር ወይም ያለውን ማስተካከል ካቃተዎት ስህተት አይደለም። ምስሉ የሚነበብ ብቻ ነው። ይህ ጠባዩ ይጠቅማል፦ ፎልደሮችን እየደበቀ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው የፍላሽ ቫይረስ አይኤስኦ ውስጥ ያለውን ሴትአፕ መበከል አይችልም። በየኮምፒውተሩ የሚዞር ፍላሽ ላይ ሶፍትዌሮችን በፎልደር ከመያዝ በአይኤስኦ መያዝ የምንመርጠው ለዚህ ነው። ፋይሉን ጨርሶ ከሚቆልፍ ቫይረስ ግን አያድንም።

ከማያውቁት ሰው በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ፣ «ደረሰኝ» ወይም «የሥራ ቅጥር» የሚል ስም ያለውና ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ የሆነ አይኤስኦ አይክፈቱ። ዲስክ ይህን ያህል ትንሽ አይሆንም፣ ደረሰኝም በዲስክ ምስል አይላክም። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ዊንዶውስ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ አይኤስኦ ውስጥ ላሉት ፋይሎች አይደርስም ነበር፤ አጥቂዎችም ቀዳዳውን ተጠቅመውበታል። ማይክሮሶፍት የደፈነው ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ላይ ነው። ዝመና ያልተደረገለት ኮምፒውተር ዛሬም ክፍት ነው። ከታመነ ሰው የመጣውንም ቢሆን ማውንት ካደረጉ በኋላ ድራይቩን በአንቲቫይረስ ፈትሸው ከዚያ ሴትአፑን ያስነሱ።

ማውንት የማይበቃበት ሁኔታ

እየሠራ ያለ ዊንዶውስን ወደ አዲሱ ለማሳደግ ምስሉን ማውንት አድርጎ ሴትአፑን ማስነሳት ይበቃል። ሃርድ ዲስኩ ባዶ የሆነ ወይም አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ግን ምናባዊ ድራይቭ የሚፈጥርለት ዊንዶውስ ስለሌለው በፍላሽ ማስነሳት ያስፈልጋል። አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻውን ኮምፒውተር አያስነሳም።

ፍላሹን ማስነሻ የሚያደርግ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ለአንድ ምስል ሩፈስ የሚባለው ጥሩ ነው። የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ሰው ግን ቬንቶይ የሚባለውን ይልመደው። አንድ ጊዜ ፍላሹ ላይ ይጫናል፤ በዚህ ጊዜ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ፣ የኡቡንቱ፣ የአንቲቫይረስ አይኤስኦዎችን እንደ ተራ ፋይል መገልበጥ ብቻ ነው፤ ሲነሳ ዝርዝር አውጥቶ ያስመርጥዎታል። ማስነሻ ዝርዝሩን ለማግኘት ኮምፒውተሩ እንደበራ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ደጋግመው ይጫኑ።

ኡቡንቱን ለመልመድ ብቻ ከሆነ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ አዲስ ማሽን ሲፈጥሩ አይኤስኦውን መምረጥ ይበቃል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ግን ይከብዳል።

ያሉትን ዲስኮች ወደ ምስል መቀየር

በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሠርግ ዲቪዲ አለ፤ በመማሪያ መጻሕፍት ጀርባም ተለጥፎ የመጣ ሲዲ። ቤት ውስጥ የሚጻፉ ዲስኮች መረጃ የሚይዙት በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ይደክማሉ። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነውና ገና እየተነበቡ ሳሉ ይገልብጧቸው።

የዲስክ ማስገቢያ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ድራይቭ ይፈልጉ። ዊንዶውስ ላይ ኢምግበርን በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ «ክሬት ኢሜጅ ፋይል ፍሮም ዲስክ» ይምረጡ፣ መድረሻ ፎልደሩን ይስጡት፣ ያስጀምሩት። ጤነኛ ዲቪዲ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ኡቡንቱ ላይ «ዲስክስ» የሚለው ፕሮግራም «ክሬት ዲስክ ኢሜጅ» አለው። የወጣውን አይኤስኦ በቪኤልሲ ቪዲዮ ማጫወቻ «ሚዲያ»፣ «ኦፕን ፋይል» ብለው ሲከፍቱት የዲቪዲው ዋና ማውጫ እንዳለ ሆኖ ይጫወታል።

ንባቡ መሃል ላይ ከቆመ ዲስኩን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ከመሃሉ ወደ ጠርዙ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ፤ ክብ እየዞሩ መጥረግ ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ያስተኛዋል። ቀጥሎ የንባብ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ከዚያም በሌላ ድራይቭ ይሞክሩ፤ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በሙሉ ይቀዳል፣ ከዚያ ወደተበላሸው ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል፣ የተነበበውንና ያልተነበበውንም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። ሲያስነሱት የክፍሉን መጠን 2,048 ብለው ይስጡት። የሠርግ ዲቪዲ ብዙ ጊዜ ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ቤተሰብ ይሰጣል። ከአንድ ምስል የተጻፉ ከሆኑ ጭረታቸው በተለያየ ቦታ ስለሚሆን አንዱ ሌላውን ይሞላል፦ በመጀመሪያው ዲስክ ያስኬዱት፣ ሲያበቃ ሁለተኛውን አስገብተው ያንኑ የምስል ፋይልና ያንኑ የካርታ ፋይል ሰጥተው እንደገና ያስጀምሩት። ከሁለተኛው ዲስክ የሚያነበው የጎደለውን ብቻ ነው።